ቀለሙ ይቆይ፤ መጀመሪያ ደፉን እንይ

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ከብዙ ዓመት ምኞት በኋላ የ1972 ሞዴል ኤምጂቢ ሮድስተር ገዛሁ። የሸራ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው የሚይዘው ነው። 11 ዓመት ቆሞ የኖረ መኪና ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ እዚህም እዚያም አብጧል። ሸራው ተቀዷል። ምንጣፉን ሳነሳ በአንድ ቀዳዳ መሬቱ ታየኝ። ሞተሩን ለማስነሳት ገና አልሞከርኩም። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ በሙሉ ልፈታታው አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ከሞተሩ ጀምር ይሉኛል። ግማሾቹ ቀለሙን አስቀባ፣ ሞራል ይሰጥሃል ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ጥሩ መኪና ነው የገዛኸው። ግን ከሞተሩም ከቀለሙም አትጀምር። መፍቻም ገና አታንሳ። ከጻፍከው ሁሉ እኔን ያስደነገጠችኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «በአንድ ቀዳዳ መሬቱ ታየኝ» ያልካት። አንተ በመሃል ጣል አድርገህ አልፈሃታል። እኔ ግን ጥያቄህን በሙሉ የማየው በዚያች ቀዳዳ በኩል ነው።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) እንግሊዝ አገር፣ አቢንግደን ውስጥ የተሠራ መኪና ነው። ያንተ ዓይነቱና ጂቲ የሚባለው ባለ ብረት ጣሪያው ተደምረው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ከበር ጎሚኒ እስከ ፒስቶን ድረስ ዕቃው ዛሬም በአዲስ መልክ ይሠራል። ዕቃ አጥተህ አትቀመጥም። ችግሩ ሌላ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኤምጂኤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበረው። የላዩ ላሜራ ቢበሰብስ ሻንሲው ይሸከመዋል። ኤምጂቢ ግን እንዲህ ዓይነት ሻንሲ የለውም። ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው።

አሁን የጫማ ካርቶን አንሳና ክዳኑን ገጥመህ ጠምዝዘው። አይበገርም። ክዳኑን አንሳና ድገመው። ይዞርልሃል። ጣሪያው የሚከፈት መኪና ክዳን የሌለው ካርቶን ነው። ጣሪያው ይይዘው የነበረውን ጉልበት የሚይዝ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ኤምጂቢ ላይ ይሄ ሥራ በብዛት የወደቀው ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በተዘረጋው ሳጥን መሰል ላሜራ ላይ ነው። እኔ ደፍ እለዋለሁ፤ ወደ መኪናው ስትገባ የምትሻገረው እሱ ነውና።

ደፉ ከውጭ ሲታይ አንድ ላሜራ ይመስላል። አይደለም። ከውጭ የምታየው አንዱ ሽፋን ብቻ ነው። ከኋላው ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ላሜራ አለ። ከወለሉ ጋር የሚያያዝ የውስጥ ደፍ አለ። ከሥር ደግሞ እነዚህን የሚያስር ላሜራ ይሄዳል። እጥፋቱ የጥንት ግንብ አናት ላይ ያለውን ጥርስ ስለሚመስል እንግሊዞቹ ካስል ይሉታል። መኪናውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የእነዚህ ሁሉ መያያዝ ነው። የበሰበሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይንህ ከማያየው ከውስጥ ይጀምራል። የውጩ ሽፋን ቀዳዳ ሲያወጣ የውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው።

ውሃው እንዴት እንደሚገባ ደግሞ እይ። የፊት ጎማው ጭቃውን ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ ይወረውራል። ከጎማው ኋላ ጭቃ የሚከለክል ትንሽ ላሜራ አለች። ዙሪያዋ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲደርቅ ጭቃው በጎን ያልፍና ከፓራፋንጎው ታችኛ ጫፍ፣ ልክ ከደፉ መነሻ ላይ ይቀመጣል። እዚያ እርጥብ ሆኖ ይከርማል። ብረቱን ቀስ ብሎ ይበላዋል። መኪናው አለመነዳቱ ከዚህ አያድነውም። 11 ዓመት የቆመ መኪና 11 ዓመት ሙሉ እርጥብ ጭቃ አቅፎ ተኝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሥራህ ምርመራ ነው። የምትይዘው ሦስት ነገር ነው፤ ደከም ያለ ማግኔት፣ አሮጌ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ።

መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ በአራት ጎማው ይቁም። ሁለቱንም በሮች ዝጋና ከኋላ ጠርዛቸው በኩል ያለውን ክፍተት ተመልከት። ከላይ እስከ ታች እኩል ነው? ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ መኪናው መሃል ወገቡ ላይ ጎብጧል። ቀጥሎ በሩን ክፈትና ዝጋ፤ ድምፁን አድምጥ። ከዚያ ከአንድ ጫፍ በክሪክ አንሳውና በሩን እንደገና ሞክር። መሬት ላይ ሲዘጋ የነበረ በር ሲነሳ ከነካ ወይም ከከበደ ቦዲው ይላላል። ክሪኩን ደፉ መሃል ባለው የራሱ ቦታ ላይ ለማስገባት ደግሞ አትቸኩል። ያ ቦታ ራሱ በዝገት የታወቀ ነው። መኪናው ሳይነሳ ክሪኩ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ አይቻለሁ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ደግሞ ፈጽሞ አትግባ። ካቫሌቶ፣ ማለትም የተነሳ መኪና ደግፎ የሚያቆመውን የብረት እግር ግዛ። ከሁሉም መሣሪያ በፊት ግዛው።

ማግኔቱን በጨርቅ ሸፍነህ ላሜራው ላይ አስሂደው። የማይዝበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ነው። የደፉን ርዝመት በሙሉ፣ ከበሩ ኋላ ከጎማው ፊት ያለውን የታጠፈ ማዕዘን፣ የፓራፋንጎዎቹን ታችኛ ጫፍ ፈትሽ። ከዚያ ከሥር ግባና ካስሉን በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። የተጠራጠርከውን በጫፉ ውጋ። «እንዳልጎዳው» አትበል። ካቻቢቴ የሚበሳው ብረት ቀድሞውኑ ብረት አልነበረም።

ሌሎች የማይታለፉ ቦታዎችም አሉ። የኋላ ባሉስትራው (የኋላውን ክብደት የሚሸከመው ዝርግ ስፕሪንግ) በፊት ጫፉ የሚታሰርበት ቦታ አንዱ ነው፤ ከደፉ መጨረሻ አጠገብ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ባትሪዎቹ የሚቀመጡባቸው ሳጥኖች ሌላው ናቸው። አዎ፣ ባትሪዎቹ አልኩ። ያንተ ሞዴል ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው ነው የወጣው። ብዙ ሰው ግን በአንድ ባለ 12 ቮልት ቀይሮታል፣ አትደንግጥ። የባትሪ አሲድ የሳጥኖቹን ላሜራ ይበላዋል። በሮቹ ላይ ደግሞ ከትንሿ የጎን መስታወት ሥር ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ፈልግ። የኤምጂቢ የታወቀ ጠባዩ ነው። ስለ ስንጥቁ አትጨነቅ፤ ይበየዳል።

አንድ ማታለያ ላሳይህ። ደፉ አዲስ ይመስላል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ማግኔቱም ይይዛል። ሻጩ «ደፉ ተቀይሯል» ይልሃል። ከሥር ስትገባ ግን የበሰበሰው አሮጌ ደፍ ሳይወጣ አዲሱ ሽፋን ላዩ ላይ ተበይዷል። ቁስል ላይ ፋሻ ማለት ነው። የካስሉ ጥርስ ከሥር በግልጽ መታየት አለበት። ለስላሳ ላሜራ ብቻ ካየህ አንድ ሰው አንድ ነገር ሸፍኗል።

ደፉ ጤነኛ ከሆነና ቀዳዳው የወለል ብቻ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ወለል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ተቆርጦ ይቀየራል። ደፉ ከሄደ ግን ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል። እዚህ ላይ ያበላሸሁትን ልንገርህ።

ወጣት ሆኜ የመጀመሪያዬን ክፍት መኪና ስሠራ ብየዳ እችላለሁ ብዬ እኮራ ነበር። በሮቹን ለሥራ እንዲመቹኝ አወለቅኩ። መኪናውን በፊትና በኋላ ጫፉ ካቫሌቶ ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ ሁለቱንም ደፍ በአንድ ቀን ቆርጬ ጣልኩ። አዲሶቹን በሚቀጥለው ሳምንት አሳምሬ በየድኩ። ብየዳው ያምር ነበር። በሩን ልገጥም ስሄድ ግን አልገባም አለ። ከላይ በኩል የጣት ውፍረት ያህል ጠቦ ነበር። መኪናው መሃሉ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እኔም ቁጭ እንዳለ በየድኩት። ሁሉንም እንደገና ቆረጥኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በኔ ደረሰ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። በሮቹ ተገጥመው፣ ክፍተታቸው ተስተካክሎ ይቆያሉ። በሩ ራሱ መለኪያህ ነው። የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ወይም ከጎማው አጠገብ በሚሸከሙት ቦታዎች ላይ ያርፋል። የበሩን ክፍተት በቱቦላሬ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ አስረዋለሁ፤ በሩን ከፍቼ ዘግቼ ልሞክር እንድችል ከውስጥ በኩል ነው የማስረው። ከላይ አንድ፣ በሰያፍ አንድ። ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም አንድ አሻግራለሁ። ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ እሠራለሁ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። በዚያው ጎንም ቢሆን ሁሉንም አንድ ላይ አልቆርጥም። መጀመሪያ የውጩን ሽፋን አነሳለሁ፣ ውስጡን አያለሁ፣ የበሰበሰውን በየክፍሉ እተካለሁ። አዲሱን ነካ ነካ አድርጌ ካያያዝኩ በኋላ በሩን እሞክራለሁ። በሩ ከዘጋልኝ ነው ሙሉ ብየዳ የምገባው። ያኔም በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር አልስብም። እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ፣ እያበረድኩ። ቀጭን ላሜራ በሙቀት ይጠመዘዛል።

ብየዳ ከመጀመርህ በፊት ባትሪውን ንቀል። ያንተ መኪና ዲናሞው ኦልተርኔተር ነው፤ የሱንም ገመድ ንቀል፣ በብየዳ ይቃጠላል። የቤንዚን ታንኩን አውርደህ ከሥራ ቦታው አርቅ። ባዶ ታንክ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት ነውና። እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ከጨረስክ በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳትሄድ ጠብቅ። ምንጣፍ ሥር የሚጨስ እሳት ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

ብየዳ ካልቻልክ አትማርበት። ደፍ የመማሪያ ቦታ አይደለም። መበየድ የሚችል ሰው ፈልግ፤ ግን ክፍት መኪና ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው። «በሩን አውልቄ ነው የምሠራው» ካለህ አመስግነህ ተመለስ።

ሌላም አማራጭ አለ። ከ1988 ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለ ድርጅት በፋብሪካው የድሮ የላሜራ ቅርጽ ማውጫዎች የኤምጂቢን ሙሉ ቦዲ በአዲስ መልክ ይሠራ ጀመር። ሁለቱም ደፍ፣ ወለሉ፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹና የባሉስትራ ማሰሪያዎቹ ሁሉ ካለቁ በቁርጥራጭ ከመጠገን ይልቅ ዕቃውን ወደ አዲስ ቦዲ ማዘዋወር ሊያዋጣ ይችላል። ውድ ነው፤ ግን ስንት መቶ ሰዓት ብየዳ እንደሚያስቀርልህ አስበው። እኔ በበኩሌ መዳን የሚችለውን አሮጌ ቦዲ ማዳን እወዳለሁ። ይሄ ግን የኔ አባዜ ነው፤ አንተ ሒሳቡን ሥራ።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ወደ ሞተሩ ና። «ልፈታታው» ያልከውን አሁንም አቆይልኝ። ከመፈታቱ በፊት የሚሠራና የማይሠራውን ማወቅ አለብህ። የተፈታ ሞተር ስለ ራሱ አይናገርም። ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመ ብረት ነው። የሚሠራ ሞተር ግን ድምፁም፣ ጭሱም፣ የዘይት ግፊቱም ይነግርሃል።

ቁልፉን አዙረህ በሞተሪኖ እንዳታስነሳው። 11 ዓመት የቆመ ሲሊንደር ደርቋል፣ ምናልባት ቀለበቶቹ ተጣብቀዋል። አራቱን ካንዴላዎች አውጣ። በየቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምር። ሁለት ሦስት ቀን ተወው። ከዚያ ማርሹን ዜሮ አድርገህ ከፊት ባለው ዳዶ በትልቅ ቁልፍ ቀስ ብለህ አዙር። ከዞረ እልል በል። ካልዞረ አትታገለው፤ ዘይት ጨምርና ጠብቅ። በጉልበት ያዞሩት ሰዎች ቀለበት ሰብረዋል።

ሲዞርልህ የሞተሩን ዘይት ቀይር። 20 በ50 የሚባለውን፣ ለአሮጌ ሞተር የሚመረተውን ተጠቀም። ይሄ ሞተር ቢ ሲሪስ የሚባለው 1798 ሲሲ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ የካም ሻፍቱ ጥርስ በቀጥታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው የሚንሸራተተው። ለአዳዲስ መኪና የሚሠራው ዘይት ዚንኩ ተቀንሷል፤ እንዲህ ዓይነቱን ካም በቂ አድርጎ አይጠብቅም። ከዚያ ካንዴላ ሳትገጥም በሞተሪኖ አዙረው፤ የዘይት ግፊቱ ጌጅ እስኪነሳ ድረስ። ከተነሳ በኋላ ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚጨምቅበትን ግፊት ለካ። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ነው የማየው። አራቱ ከተቀራረቡ ደስ ይለኛል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አንድ ላይ ከወደቁ በመካከላቸው ያለውን የቴስታታ (የሞተሩ ላይኛ ክዳን) ጋርኒሲዮን እጠረጥራለሁ።

ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አትጠቀም። ቫርኒሽ ሆኗል። ለሙከራ ከትንሽ ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ስጠው። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር። የድሮው ጎማ ኢታኖል ያለበትን የዛሬ ቤንዚን አይችልም፤ ይላሽቅና ሞተር ላይ ያፈስሳል። የቤንዚን ፓምፑ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኋላ በኩል ነው ያለው። ስዊቹን ስትከፍት ጠቅ ጠቅ ማለት አለበት። ዝም ካለ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለህ ምታው። ቀልድ አይደለም። ውስጡ ያለችው ፑንቲና፣ ኤሌክትሪኩን የምታገናኘውና የምታቋርጠው፣ ትጣበቃለች፤ ስትመታ ትላቀቃለች። እስክትቀይረው ድረስ ያገለግልሃል። ካርቡራተሮቹ ሁለት ኤስዩ ናቸው። በየአናታቸው ያለውን ክዳን ፈተህ ቀጭን ዘይት ጨምር። ብዙ መካኒክ ይሄን ይረሳና «ነዳጅ ስሰጠው ይታነቃል» እያለ ሳምንት ይደክማል።

ሞተሩ ከተነሳና ከሞቀ፣ በ3000 ዙር የዘይት ግፊቱ 50 ፒ ኤስ አይና ከዚያ በላይ ካሳየህ፣ ሰማያዊ ጭስ ደመና ካልሆነብህ ተወው። አትፍታው። ያንተ ዘመን ሞተር ክራንክ ሻፍቱ አምስት ቦታ በኩሽኔታ የተያዘ ጠንካራ ሞተር ነው። የቴስታታው ቫልቭ መቀመጫዎች ግን ሊድ (እርሳስ) ላለበት ቤንዚን የተሠሩ ናቸው። አንድ ቀን ቴስታታውን ስታወርድ ጠንካራ መቀመጫ አስገጥም። እስከዚያ ሊዱን የሚተካ ፈሳሽ ቤንዚኑ ላይ እየጨመርክ መንዳት ትችላለህ።

የሚሄድ መኪና ካለህ የሚቆም መሆኑን ማረጋገጥ ይቀራል። ፍሬን ላይ ቁጠባ የለም። ፔዳሉ ጠንከር ብሎ ቢሰማህ እንኳ አትመነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ውስጥ ውስጡን ያዝጋል። ጎሚኒዎቹን፣ ሲሊንደሮቹን፣ ከጎማው ጋር የሚያገናኙትን ቱቦዎች በሙሉ ቀይር። ቱቦዎቹ ከውጭ አዲስ መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። ፍሬን ስትረግጥ ዘይቱ ያልፋል፤ ስትለቅ አይመለስም። አንድ ጎማ ይዞ ከቀረና ከተቃጠለ መጀመሪያ ቱቦውን ነው የምጠረጥረው። የኋላውን ታምቡር ስትከፍት አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳትነፋው። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን በላስቲክ አስረህ ጣለው። ጎማዎቹን ደግሞ ጥርሱን አይተህ አትፍረድ። ጎናቸው ላይ በሚገኘው ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብብ። 2311 ካለ በፈረንጆቹ 2011 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኘህ ደግሞ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ለሙዚየም ስጠው።

የፊት እግሩ ግራሶ ይፈልጋል። መሪው የሚዞርበት ኪንግ ፒን በየጎኑ ሦስት የግራሶ መግቢያ አለው። ግራሶ ካጣ ይበላል። ጎማው ተነስቶ ሳለ ግራሶውን ግፋ፣ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ። ቸርኬው ባለ ሽቦ ከሆነ የመሃሉን ጥርስ እይ። ጥርሱ እንደ ምላጭ ከሾለ ቸርኬውም ማዕከሉም አልቋል።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው ያስፈራል። ሉካስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ነው፤ በእንግሊዞች ዘንድ የቀልድ ማውጫ ሆኖ ኖሯል። እኔ ግን እንደሚወራበት አይደለም እላለሁ። ከአሥር ችግር ሰባት ስምንቱ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ማያያዣ፣ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ገመዱ ደህና ነው፣ አምፖሉ ደህና ነው፣ ቦዲው ላይ የታሰረበት ብሎን ዝጓል። ፍሬቻ ስታበራ የኋላ መብራቱ አብሮ ከጨፈረ ማሳ ነው፤ አትመራመር። ብሎኑን ፍታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳ፣ መልሰህ እሰር። የገመዶቹን ቀለም ደግሞ ያዝ። ቡናማ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት። ነጭ ስዊች ሲከፈት ነው የሚያገኘው። አረንጓዴ ስዊች ሲከፈት በፊውዝ በኩል ያገኛል። ሐምራዊ በፊውዝ በኩል ሁልጊዜ አለበት። ጥቁር ማሳ ነው። ይሄን ካወቅህ ግማሹን አወቅህ። «የድሮ እንግሊዝ መኪና ማሳው ፖዘቲቭ ነው» የሚልህ ሰው ካለ፣ እስከ 1967 ድረስ ልክ ነበር። ያንተው ኔጋቲቭ ነው። አንድ ቀድሞ የነካው ሰው እንዳልቀየረው ግን በዓይንህ አረጋግጥ።

አሁን ወደ መፍታቱ። ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈትተው በጣሳና በካርቶን የቀሩ ስንት መኪናዎች እንዳየሁ ብነግርህ ታዝናለህ። ባለቤቱ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንድ መኪና ሲፈታ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፣ ሲገጠም ሁለት ዓመት። በመሃል ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይቀየራል፣ ቤት ይቀየራል። ከዚያ «ሳይጨረስ የሚሸጥ» ይባላል። ደፉ ካልገደደህ በስተቀር በየክፍሉ ሥራ። ፍሬኑን ፍታ፣ ጨርስ፣ ግጠም። ከዚያ የፊት እግሩን። መኪናው ሁልጊዜ በጎማው መንቀሳቀስ የሚችል ይሁን።

የፈታኸውን ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ፤ ከቅርብም ከሩቅም። ብሎኖቹን አንድ ላይ አትጣል። በትንንሽ ላስቲክ አድርግና «የግራ በር ማጠፊያ፣ ላይኛው» ብለህ ጻፍበት። አሮጌ ዕቃ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ ድረስ አትጣል። ዛሬ የሚሠሩት ምትኮች ብዙዎቹ ጥሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ቀዳዳቸው ከቦታው አይገጥምም። አሮጌው መመሳከሪያህ ነው።

ቀለም እዚህ ይመጣል። ለጓደኞችህ ንገራቸው። የፊት ፓራፋንጎዎቹ በብሎን ነው የተያዙት፤ አውርዳቸውና ከኋላቸው ያለውን አጽዳ፣ ጸረ ዝገት ቀባ። የኋላዎቹ የተበየዱ ናቸው። አሮጌውን ቀለም ስትፍቅ ጭንብል አድርግ፤ ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ስቱኮ ጠላትህ አይደለም። እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ጤነኛ ብረት ላይ ከተቀባ ማንም አይነቅፈውም። ቀዳዳ ለመድፈን ከሆነ ግን ወንጀል ነው። በማጠንከሪያ የሚቀላቀለውን ቀለም በመደበኛ ጭንብል አትርጭ። ሳንባ ይጎዳል፤ ከውጭ አየር የሚሰጥ ጭንብል ላለው ባለሙያ ተውለት።

ቀለሙን ከመምረጥህ በፊት መኪናው ሲወለድ ምን ዓይነት እንደነበረ እወቅ። የመኪናው መለያ ቁጥር ጂ ኤች ኤን 5 ብሎ መጀመር አለበት። ጂ ኤምጂ ማለት ነው፣ ኤች የሞተሩ መጠን፣ ኤን ሁለት ሰው የሚይዝ ክፍት፣ 5 ደግሞ የሞዴሉ ተራ ቁጥር ነው። እንግሊዝ አገር ጌይደን የሚገኘው ብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም የፋብሪካው መዝገብ አለው። ቁጥሩን ብትልክላቸው መኪናው መቼ እንደተሠራ፣ ቀለሙ ምን እንደነበር፣ ወደ የት እንደተላከ የሚገልጽ ሰርተፊኬት በክፍያ ይሰጡሃል። ከቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም ያገኘ ሰው ይሄ ወረቀት ክርክሩን ይዘጋለታል። እኔን ከጠየቅከኝ ወደ መጀመሪያው ቀለሙ መልሰው። ግን መኪናው ያንተ ነው።

ከቀለም በኋላ፣ ምንጣፍ ከመነጠፉ በፊት፣ ደፎቹ ውስጥ ሰም መሰሉን ጸረ ዝገት በረጅም ቱቦ ርጭ። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን እንዳትደፍን። በኋላ በሽቦ አረጋግጥ።

የሸራው ጣሪያ የመጨረሻው ነው። አሁን አትግዛው፣ ዋጋው ቢቀንስም። በሮቹና የፊት መስታወቱ በቦታቸው ሳይረጉ ሸራ ልክ አይወጣም። መኪናው ወገቡ ከጎበጠ ደግሞ ሸራው ወይ ይላላል ወይ አይደርስም። ሲገጠም ሙቅ ቀን ምረጥ። ሸራው ከካርቶኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይዘርጋ፣ ይለስልስ። መጀመሪያ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ጠርዙ ማዕከሉን አግኝተህ ያዝ፤ ከዚያ ወደ ጎን፣ በመጨረሻ ወደ ፊት። ወጥር፣ ግን አታስጨንቀው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ሳትከፍተው አቆየው፣ ቅርጹን ይያዝ። እርጥብ ሆኖ ፈጽሞ አትጠፈው። ፕላስቲክ መስታወቱን በብርድ ካጠፍከው ይሰነጠቃል።

አሁን ቅዳሜ ጧት ማግኔቱን፣ ካቻቢቴውንና የእጅ ባትሪውን ይዘህ ግባ። አራት ፎቶ ላክልኝ፤ ሁለቱ በሮች ተዘግተው የኋላ ክፍተታቸው፣ ሁለቱ ካስሎች ከሥር። ያቺን ቀዳዳም በሳንቲሜትር ለካልኝ፣ ከደፉ ምን ያህል እንደምትርቅ። አንድ እጅ ስፋት ከራቀች የወለል ቀዳዳ ናት፤ ወደ ሞተሩ እንሄዳለን። ደፉን ከነካች ግን መኪናውን አትንዳው። ቱቦላሬ ፈልግና ከዚያ እንጀምራለን።